በሠላሳ አንዱ የጀሶ ደረጃ ላይ ሰይፍ ስለ መዘዙት ወይዘሪት ቬርና ቶለፍሰን

የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የፊልም ሰይፈኞች ማኅበር፣ የዕቃ ክፍሉን ለሃያ ሁለት ዓመታት በኃላፊነት የመሩት ወይዘሪት ቬርና ቶለፍሰን ሰኞ ማርች 11 ቀን 1974 በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው በቡርባንክ መኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለፊልም ወዳጆች ሁሉ የሚያስታውቀው ልቡ ተሰብሮ ነው።

እንዲህ ያለው መግለጫችን እስከ ዛሬ «ውድ አባላችን» ብሎ ይጀምር ነበር። ወይዘሪት ቬርና አባላችን አልነበሩም። ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተከልክለዋል። ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ይህ ጉዳይ እዚህ እንዳይነሣ ቢመክርም፣ መግለጫውን የሚጽፈው ሊቀ መንበሩ ላይል ብራኖክ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል።

ወይዘሪት ቬርና በ1911 በሰሜን ዳኮታ፣ ከኖርዌይ መጥተው ከሰፈሩ የስንዴ ገበሬዎች ተወለዱ። ግራኝ ነበሩ፤ መምህርታቸው ግራ እጃቸውን ከወንበሩ ጋር እያሰረች በቀኝ መጻፍ አስለመደቻቸው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከአንድ ተዘዋዋሪ ሰርከስ ጋር ኮብልለው በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ መቆምን ተማሩ። ሰርከሱ በ1933 ሲበተን ወደ ካሊፎርኒያ መጥተው ለፊልም ከፈረስ መውደቅን መተዳደሪያቸው አደረጉ።

በ1936 የበጋ ወራት «የዊንተርሞር ባላባት» የተባለው ፊልም ሲሠራ ተቀጠሩ። ወይ ያ በጋ! ግንቡ ከፊት ሲያዩት ነገሥታት የኖሩበት ይመስላል፤ ከኋላው ጀሶ፣ ምስማርና መሰላል ብቻ ነበር። ጥሩር ተብሎ የለበስነው በብር ቀለም የተቀባ ወፍራም የሱፍ ሹራብ ስለነበር በሸለቆው ሙቀት ተቀቅለናል። በምሳ ሰዓት ሁለት መቶ ባላባት ከዛፎቹ ሥር ተዘርሮ ብርቱካን ይልጣል፤ የፊልሙ ሊቀ ጳጳስ ከጋዜጣ ላይ የቤዝቦል ውጤት ጮክ ብሎ ያነብልናል። አንድ ቀን ደግሞ ፈረሶቹ የመንደሩን ጎጆዎች የሣር ክዳን ጠራርገው በልተውብን ቀረጻው ሁለት ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የሳቅንበትን ጊዜ አናስታውስም።

የፊልሙ ዋና ተዋናይ አቶ ዴዝመንድ ሃርኮርት መልከ መልካምና ደግ ሰው ነበሩ፤ ከፍታ ግን ይፈሩ ነበር። ፊልሙ የሚያልቀው ደግሞ መደገፊያ በሌለው የሠላሳ አንድ እርከን ደረጃ ላይ በሚደረግ የሰይፍ ውጊያ ነው። ስቱዲዮው «ሃርኮርት ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል» ብሎ በየጋዜጣው አስነግሮ ስለነበር፣ በቁመትም በወገብም የሚመስላቸው ሰው በድብቅ ተፈለገ። ወይዘሪት ቬርና ፀጉራቸውን ተቆርጠው፣ ጢም ተለጥፎላቸው ቀረቡ። ክፉውን መስፍን ሆኖ የሚገጥማቸው ላይል ብራኖክ ነበር። ከጢሙ ሥር ያሉት ማን እንደሆኑ የሚያውቁት አቶ ሃርኮርት፣ የሰይፍ መምህሩና ብራኖክ ብቻ ነበሩ።

«የምትወድቀው አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁት።

«እኔ ነኝ።»

«ፊትህን እንዳልነካው እጠነቀቃለሁ። እንዲህ ያለ የሌባ መልክ አንዴ ከተበላሸ ምትክ የለውም።»

በእኛ ሙያ ውጊያ የሚጠናው በቁጥር ነው። እያንዳንዱ ምት ቁጥር አለው፤ በልምምድ ጊዜ የሰይፍ መምህሩ ይጠሩታል፣ በቀረጻ ጊዜ ሁለቱ ተጋጣሚዎች በልባቸው ይቆጥራሉ። አንዱ ቢሳሳት የሌላው ዓይን ይጠፋል። የደረጃው ውጊያ አርባ ሁለት ምት ነበረው። በአሥራ ዘጠነኛው ላይ የወይዘሪት ቬርና ጓንት በላብ ርሶ የሰይፉ እጀታ አመለጣቸው። ሰይፉ መሬት ሳይነካ በግራ እጃቸው ቀለቡት፤ ቆም ሳይሉም በግራቸው ቀጠሉ። ያን ጊዜ የሚመጣው ምት ሁሉ ከተቃራኒው ወገን ሆነ። ብራኖክ ቁጥሩ ድራሹ ጠፋበትና ነፍሱን ለማዳን ብቻ እየመከተ አሥራ ሁለት እርከን ቁልቁል ሸሸ። በፊልሙ ላይ ፊቱ ላይ የሚታየው ፍርሃት ትወና አይደለም።

ዳይሬክተሩ «ማነው ይህን ያዘዘው?» ብለው ጮኹ። መምህሩ አቶ ፌረንስ ባርኮቺ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «እኔ ነኝ» አሉ። ያው ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አቶ ሃርኮርት መሬት ላይ ቆመው፣ ሰይፉን በግራ እጃቸው ይዘው ፊታቸው ብቻ ተቀረጸ። ከዚያም ባርኮቺን፣ ብራኖክንና ወይዘሪት ቬርናን ለብቻ ጠርተው «ይህ ከወጣ እኔ አበቃልኝ፤ እባካችሁ» ሲሉ ለመኗቸው። ሦስቱም ቃል ሰጡ። የፊልም ጸሐፊዎች ያን ምት «የሃርኮርት እጅ ቅያሬ» ብለው አወደሱት፤ ማኅበራችንም በዚሁ ስም ለጀማሪዎች ሲያስተምረው ኖሯል።

በ1949 ማኅበራችን ተመሠረተ። ለአባልነት አመልካቹ በትልቅ ፊልም ላይ በሰይፍ መዋጋቱን ማስረዳት አለበት። ችግሩ፣ በተዋናይ ስም የሚዋጉ ሰዎች በስቱዲዮ የቀን መዝገብ ላይ በራሳቸው ስም አይጻፉም ነበር፤ የወይዘሪት ቬርና የሦስት ሳምንት ድካም «ሃርኮርት፣ ሁለተኛ» ተብሎ ነው የተመዘገበው። መሥራቾቹ ለዚህ መላ ሲፈልጉ አንድ የዓይን ምስክር ይበቃል ብለው ደነገጉ። ግማሾቻችን የገባነው እርስ በርሳችን እየተመሰካከርን ነው።

በ1951 ወይዘሪት ቬርና አመለከቱ። አቶ ባርኮቺ በጦርነቱ ጊዜ ሞተው ስለነበር ምስክር አላቀረቡም፤ ብራኖክንም አልጠሩም፤ ቃል ቃል ነው ብለው። ማመልከቻው ተመለሰ።

በ1952 የዕቃ ክፍላችንን ተረከቡ። ከስድስት መቶ በላይ ሰይፎችን እያንዳንዱን በክብደቱ ለይተው ያውቁ ነበር፤ ስለቱ ያልደነዘዘ ሰይፍ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። በእነዚህ ሃያ ሁለት ዓመታት ውስጥ በእኛ መሣሪያ አንድም ሰው አልቆሰለም።

በ1958 ሁለተኛ ጊዜ አመለከቱ፤ መልሱ ያው ነበር።

ከ1960 ጀምሮ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ጀማሪዎችን በጓሮው ያሠለጥኑ ነበር። ግዙፍ ጎረምሶች የእጅ ቅያሬው አልሆንላቸው ሲል በመስኮት ብቅ ይሉና «ቁጥሩን ተወው! ሰውየውን እየው፣ ሰውየውን!» ይላሉ። አንዱ ቀበጥ በስልት «እትዬ ቬርና፣ እርስዎ ደግሞ የት ያውቁታል?» ቢላቸው፣ «ሲሠራ ቅርብ ነበርኩ» ብለው መጥረጊያቸውን አነሡ።

በ1961 አቶ ሃርኮርት አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ለወይዘሪት ቬርናም ለብራኖክም በጻፉት ደብዳቤ ከቃላቸው ፈትተዋቸዋል።

በ1967 ሦስተኛ ጊዜ አመለከቱ፤ አሁን ጉዳዩን በግልጽ ጽፈው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ሰው ሁሉ ይንሾካሾካል፤ አንዳንዱም ይስቃል። ሊቀ መንበሩ ብራኖክ «በዓይኑ ያየ ምስክር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ራሱ ጠይቆ ራሱ ዝም አለ። ወይዘሪት ቬርና ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ ተነሥተው «እንግዲህ ስትወጡ መብራቱን አጥፉ» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሯቸው በሰዓታቸው ሥራ ገብተዋል።

ከዚህ በኋላ «ማኅበሩ» እያልኩ መደበቅ አልችልም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ከቃሌ ፈትቶኝ ሞቷል፤ ያሰረኝ ኩራቴ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየግብዣው «በታላቁ ሃርኮርት የተሸነፈው ሰው» እየተባልኩ ተጨብጭቦልኛል። አንዲት ሴት ደረጃውን ቁልቁል አባረረችኝ ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። እርሷ ግን አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። ጉልበቴ ሲያመኝ ወንበር ይዛልኝ ትመጣ ነበር፤ ያ ነው አንጀቴን የሚቆርጠኝ።

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሐሙስ ዕለት ተሰብስቦ ለወይዘሪት ቬርና ከሞት በኋላ የክብር አባልነት እንዲሰጣቸው ወሰነ። በአባል ቀብር ላይ እንደምናደርገው በቤተ ክርስቲያኑ በር ግራና ቀኝ ቆመን ሰይፎቻችንን በማጋጠም አስከሬናቸውን ለማሳለፍ ተዘጋጀን። ይህንኑ ለታላቅ እህታቸው ለወይዘሮ ኦፓል በስልክ ነገርኳቸው።

«የአባልነት ካርዱን ለራሳችሁ ያዙት፣ አቶ ብራኖክ» አሉኝ። «እህቴ በቁሟ የጠየቀችውን ሞታ አትቀበልም። ሰይፋችሁንም ቤታችሁ ተዉት። ሰዎቹ ግን ይምጡ፤ ትወዳችሁ ነበር፤ ምን አይታባችሁ እንደሆነ እንጃ። እርስዎን በተመለከተ ደግሞ ስትፈልግ የኖረችው ካርድ አልነበረም። ‹አይቻለሁ› እንዲሏት ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ይህን ወረቀት ጀመርኩ።

ስለዚህ ማኅበሩ የቤተሰቡን ፈቃድ አክብሮ የአባልነቱን ውሳኔ ሰርዟል። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ማርች 16 ከጠዋቱ በአራት ሰዓት በቡርባንክ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። አባላት ያለ ሰይፍና ያለ ደረት ምልክት እንዲገኙ፣ የፊት ወንበሮችንም ለቤተሰቡና ለጎረቤቶቻቸው እንዲተዉ ይታዘዛሉ።

ለወይዘሮ ኦፓልና ለቤተሰቡ፣ እንዲሁም በጓሮው ለሠለጠኑት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረትም የሚከተለው ቃል ዛሬ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በኦገስት 1936 «የዊንተርሞር ባላባት» ሲቀረጽ እዚያው ደረጃ ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ነበርኩ። ሰይፉን በግራ እጇ የቀለበችው ቬርና ቶለፍሰን ናት። አሸንፋኛለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

ላይል ብራኖክ
ምስክር