የጉሙ ደወል ባለቤት፣ የወይዘሮ ይመኙሻል ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይመኙሻል ከአባታቸው ከኮርቻ ሠሪው ከወልደ ሰንበት ገብረመንፈስቅዱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና በ፲፰፻፳፮ ዓመተ ምሕረት በአንኮበር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው አመተ ማርያም ነው። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው ሥራ ቤት ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ቆዳ መስፋትንም እዚያው ለመዱ።

በ፲፰፻፵፫ ከነጋዴው ከወልደጻድቅ ጋር በቁርባን ተጋቡ። ሦስት ልጆች ወልደው ሁለቱን ፈንጣጣ ወሰደባቸው። ወይዘሮ አልታየች ብቻ ተረፉላቸው።

ያን ጊዜ ከአልዩ አምባ ገበያ ሽቅብ የሚወጣ ነጋዴ አንኮበር ሲደርስ ማደሪያ አልነበረውም። በ፲፰፻፷ ባልና ሚስቱ ዳገቱ ጫፍ ላይ የነጋዴ ማረፊያና የበቅሎ ጋጣ ሠሩ። ባለ እጁም፣ ጠጅ ሻጯም፣ ኮርቻ ጠጋኙም እየመጡ በዙሪያቸው ሰፈሩ፤ ባዶ የነበረው ሜዳ መንደር ሆነ።

ነሐሴ ፱ ቀን ፲፰፻፸፪ ወልደጻድቅ ከአልዩ አምባ ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ጉም ወረደባቸው። በቅሎአቸው ብቻዋን ጋጣዋ ገባች። ሰባት ቀን ገደል ለገደል ተፈለጉ፤ አስከሬናቸው አልተገኘም።

በዚያው ወር ወይዘሮ ይመኙሻል ከማረፊያው ደጅ ወይራ ላይ የድንጋይ ደወል አሰቀሉ። ጉም በወረደ ቁጥር፣ መንገደኛ አቅጣጫውን እንዲያውቅ ይመታ ጀመር። የደብሩ አለቃ፣ «ይመኙሻል፣ ሌላ ደብር ተከልሽብን እንዴ? ሰዉ ቅዳሴ ደረሰ እያለ በከንቱ ይነሣል» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው ሦስት መትቼ ዝም እላለሁ፣ አባቴ። ሦስት የሰማ ወደ እኔ ይምጣ፤ የቀረው የእናንተ ነው» አሉ። በዚሁ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዳገት የጠፋ ሰው የለም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲዛወር ነጋዴው ተከተለ። የመንደሩ ቤት አንድ በአንድ ተዘጋ። እንጦጦ የገቡት ልጃቸው በ፲፰፻፸፱ ሊወስዷቸው መጥተው፣ «እማዬ፣ በሳምንት ሁለት ሰው በማይመጣበት ቤት ምን ያስቀምጥሻል?» አሏቸው።

«አባትሽ አልገባም እኮ» አሉ።

ወይዘሮ አልታየች ብቻቸውን ተመለሱ።

ባለፈው ሰኔ፣ ደወሉን የሚመታላቸው ሁሉ ሄዶ ነበርና፣ ዝናብ ላይ ቆመው ራሳቸው ሲመቱ ብርድ ገባቸው፤ ውጋት ጣላቸው። ልጃቸው ደርሰው አስታመሟቸው። ትናንት ሐምሌ ፲፩ ቀን ፲፰፻፹፩ ጠዋት ጉም ወረደ። እናትየው ሊነሡ ሲታገሉ፣ «ተኚ፣ እኔ አለሁ» ብለው ወይዘሮ አልታየች ወጥተው መቱ። ተመልሰው ሲገቡ እናታቸው ዐርፈው ነበር። በተወለዱ በ፶፭ ዓመታቸው ነው።

ያን ደወል ሰምቶ የገባ አንድ የጨው ነጋዴ ጉዞውን ትቶ ዛሬ ቃሬዛውን ተሸክሟል። ከመቃብራቸው ጎን ለወልደጻድቅ የሚሆን ቦታ ተከልሎ ይቆያል። አንድ ልጅና አራት የልጅ ልጆች ትተዋል፤ ወይዘሮ አልታየች ጉሙ እስኪያልፍ፣ ክረምቱ እስኪወጣ፣ ከዚህ አልንቀሳቀስም ብለዋል።

የጠፋውን ሁሉ ሲጣሩ የኖሩትን እናታችንን እግዚአብሔር በስማቸው ይጥራልን፤ ከባለቤታቸውም ጋር በአንድ ደጅ ያስገባልን። አሜን።