ከሰዓት በኋላ ስልክ የማታነሳው እናታችን

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ብርድ ሲሆን ጉልበትህን እንደሚያምህ ባለፈው ነግረኸኝ ነበር፤ ተሽሎህ ይሆን? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ያንኮራፋል፤ እኔም እንደ ልማዴ መነጽር ቤት ቆሜ የሰው አፍንጫ ስለካ እውላለሁ። እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልህ ታዲያ ለወጉ ያህል አይደለም። ለመጻፍ የተነሳሁትም ስለዚሁ ስለ ደህንነቷ ነው።

በስልክ ስናወራ ተቆጥተህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስትደውልላት አታነሳም፤ ብታነሳም «ቆይ ልጄ፣ ዳገት ላይ ናቸው» ብላ ጆሮህ ላይ ትዘጋለች። እርጅናው ተጫጭኗት ይሆን እንዴ ብለህ ጠየቅኸኝ። ያን ዕለት ወሬውን የቀየርኩብህ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

ወንድምዬ፣ እማዬ ብስክሌት እያየች ነው። አትሳቅ። ያ በየዓመቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራራ የሚወጡበትና የሚወርዱበት ትልቁ ውድድር አለ አይደል? እሱን ነው።

አባዬ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር አንተ አላየኸውም፤ ለቀብር መጥተህ ወዲያው ተመለስክ። ልወቅስህ ብዬ አይደለም፣ ሥራ ሥራ ነው። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ መጋረጃው እንደተዘጋ ነበር የማገኛት። ለሁለት ሰው ታቀርባለች፤ ከዚያ አንደኛውን ሳህን እንዳለ ታነሳዋለች። እንዴት ነሽ ስላት «አለሁ» ትላለች፣ በቃ። ለዚህም ነው «እኔ ጋ መጥታ ትኑር፣ ክፍል አዘጋጅላታለሁ» ስትል ከሁሉ ቀድሜ የደገፍኩህ።

ከእማዬ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋሩትን ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ታስታውሳቸዋለህ? ያቺን ያስለቀሰችህን መንጋጋ የነቀሉልህ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር የሚላቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም የላቸው። እማዬና እሳቸው ደረጃ ላይ ሲገናኙ እንደምን አደሩ ከመባባል አልፈው አያውቁም ነበር።

አምና በዚሁ ወቅት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ዕቃ ስታጥብ ከግድግዳው ወዲያ «ወደቁ! ኸረ ወደቁ! ኸረ አለቁ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ሽማግሌው የወደቁ መስሏት እጇ አረፋ እንደሆነ ሮጣ በራቸውን ደበደበች። ዶክተሩ አንድ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው ከፈቱላት።

«ምን ሆኑ? የት ነው የወደቁት?» አለቻቸው።

«እኔ አይደለሁም ወይዘሮ፣ እነሱ ናቸው» ብለው ቴሌቪዥኑን አሳዩአት። ዝናብ ባራሰው ቁልቁለት ላይ ሰውና ብስክሌት እንደ እንጨት ክምር ተደራርቧል። እማዬ ተናድዳ ልትመለስ ስትል አንድ ቀጭን ልጅ ክርኑ ተልጦ መንገድ ዳር ተቀምጦ አየች። «ይሄ ልጅ ይነሳ እንደሆን ልይ» ብላ ወንበር ጫፍ ላይ አረፍ አለች። ልጁ ተነሳ፤ እየደማ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። እማዬ ግን አልተነሳችም። ሁሉም ገብቶ ካለቀ በኋላ እሱ የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ አጨበጨበችለት። ይህን የነገሩኝ ዶክተሩ ናቸው። እሷማ ብትጠየቅ «እግሬን ደክሞኝ ትንሽ ተቀመጥኩ» ነው የምትለው።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት «ያ ልጅ እንዴት አደረ?» ብላ በራቸውን አንኳኳች። ከዚያ ወዲያማ ተወው።

ልጁን «ፋሻው» ብላ ስም አወጣችለት፤ እውነትም አንድ ቦታው በፋሻ ሳይጠቀለል ታይቶ አያውቅም። ዶክተሩ የመሪው፣ የባለ ቢጫ ማሊያው ደጋፊ ናቸው። «ወይዘሮ፣ ምነው እንደ ሰው አሸናፊ ቢይዙ?» ይሏታል። እሷም «አሸናፊውን አገር ሁሉ ይዞታል፤ ለመጨረሻው ማን አለው?» ትላለች። ትላልቆቹ ሰዎች እንደ ሰፈር ልጆች ይነታረካሉ። እኔም አንድ ቅዳሜ ስሄድ መጋረጃው ተከፍቶ አገኘሁት። ገና ኮቴን ሳላወልቅ «ዳገት ያደክማል እንጂ አይገድልም፤ ሰውን የሚጨርሰው ቁልቁለት ነው» ብላ ትተነትንልኝ ጀመር። እናታችን እኮ ናት! መኪና ውስጥ እንኳ ዓይኗን ጨፍና የምትሄደው!

ሲወድቁ ማየት ግን አትችልም። ገና መንኮራኩር ሲነካካ ፊቷን በሻርፗ ትሸፍንና «ተነሱ?» ትላለች። ዶክተሩ «ሁሉም ተነስተዋል፣ ይግለጡ» ሲሏት ነው የምትገልጠው። አንድ ጊዜ አንዱ ሳይነሳ ቀረ፣ በቃሬዛ ወሰዱት። ዶክተሩ አዘኑላትና ተነስቷል አሏት። ማታ በዜና እውነቱን ስትሰማ ግድግዳውን ቆርቁራ ጠርታ ምን እንዳለቻቸው ታውቃለህ? «ዶክተር፣ ሁለተኛ እንዳይዋሹኝ። እኔ ባሌን የቀበርኩ ሴት ነኝ። ያልተነሳውን አልተነሳም ይበሉኝ።» ለሁለት ቀን ኩርፊያ ሆነ። በሦስተኛው ዶክተሩ ራሳቸው በር አንኳኩተው፣ በቃሬዛ የተወሰደው ልጅ ሆስፒታል ነቅቶ ሾርባ መጠጣቱን ነገሯትና ታረቁ።

ዘንድሮ ውድድሩ በኛ ከተማ የሚያልፍ መሆኑ ሲነገር እማዬ እንቅልፍ አጣች። እኔም ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያቸው ሄድኩ። ከድልድዩ በታች መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ የብረቱን አጥር ተደግፈን ቆምን፤ እሷ ዶክተሩ ተሸክመው ባመጡላት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጠዋት የጀመረ ጥበቃ እስከ ከሰዓት በኋላ ዘለቀ። አጠገባችን የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊቱን በሙሉ ቢጫ ቀብቶ ነበር፤ ላቡ ሲወርድ ቀለሙ አብሮ እየወረደ ሸሚዙን አበላሸው። እማዬ መሐረቧን ሰጠችው። ለፋሻው ደግሞ ሕዝቡ መሀል ሆና እንዴት እንደምትጮህ ስትለማመድ ሰማኋት፤ ድምጿ እስኪወጣ ሦስቴ ሞከረች።

የመጀመሪያዎቹ እንደ ነፋስ አለፉ፤ ፊት አይለይም፣ የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። ዶክተሩ «ፋሻው ተከታዮቹ ውስጥ ይሆናል፣ ይዘጋጁ» አሏት። ከወንበሯ ተነስታ አጥሩን ያዘች። ሁለተኛው ቡድን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የአንዱ ጎማ የፊተኛውን ነካው። ወንድምዬ፣ በቴሌቪዥን የሚሰማው ድምፅ ምንም አይደለም። ብረትና አጥንት ባንድ ላይ አስፋልት ሲመቱ የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንደኛው ከነብስክሌቱ ተንሸራቶ መጥቶ አጥሩን ገነደሰው። ዶክተሩ እማዬን በክንዳቸው ወደ ኋላ ሲወረውሯት አየሁ። አጥሩ እሳቸው ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ እማዬ ፊቷን አልሸፈነችም።

የማላውቀው ጉልበት አወጣች፤ ከቢጫው ሰውዬ ጋር ሆና አጥሩን አነሳችው። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የዶክተሩን ራስ ጭኗ ላይ አደረገችና «አንተ! አንተ ተነስ እንጂ! ብቻዬን ልትተወኝ ነው? ተነስ አንተ!» አለች።

«አንተ» አለቻቸው።

በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ የቀሩት መጡ። ፋሻውን አየሁት፤ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሏል፣ የወደቁትን በጥንቃቄ እየዞረ አለፈ። ከኛ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። «እማዬ፣ ፋሻው! ፋሻው!» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

ዶክተሩ ዓይናቸውን ገለጡ። «ወይዘሮ፣ እርስዎ ተጎዱ?» አሉ። «ዝም በል» አለቻቸው፣ እያለቀሰች።

አይዞህ፣ ክፉ ነገር የለም። ከአንገታቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ያለችው አጥንት ተሰብራለች፤ እማዬን ምንም አልነካት። የወደቁት ብስክሌተኞችም ሁሉም ተነስተው ሄዱ። ሆስፒታል ገብቼ ሳያቸው ዶክተሩ «ይቺ የብስክሌተኛ ስብራት ናት፤ አሁን ገና ሙሉ ደጋፊ ሆንኩ» እያሉ ይቀልዳሉ። የሚያስቀው ደግሞ፣ እኔ ስገባ ሁለቱም ደንገጥ ብለው «ውሃ ልስጥዎ ዶክተር?»፣ «አይቸገሩ ወይዘሮ» መባባል ጀመሩ። ሳቄን ልደብቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወደ መስኮቱ ከዞርኩ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፋኝ። እማዬ አባዬን ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው ነው የኖረችው። አልጋ ላይ ሆኖ፣ በማንኪያ እያጎረሰችው እንኳ «ትንሽ ይጨምሩ» ነበር የምትለው። አንድ ቀን «አንተ» ስትለው አልሰማሁም፤ አንተስ ሰምተህ ታውቃለህ? ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። ሲቆይ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። አባዬ ሊሞት ሲል ለወራት አውቀን ነበር፤ እማዬ ቀስ ብላ፣ በማዕረግ ሸኘችው። ያን ቀን መንገድ ላይ ግን ማዕረግ የሚያስብ ጊዜ አልነበረም። ይህ አባዬን ማሳነስ ይሁን አይሁን ዛሬም አላወቅሁም። የማውቀው መጋረጃው መከፈቱን ነው።

ከሆስፒታል ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያንተን ነገር አነሳሁባት። ልጅሽ ክፍሉን ቀለም ቀብቶ፣ አልጋ ገዝቶ እየጠበቀሽ ነው፣ ምን ልበለው አልኳት። የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ «እግዜር ይስጠው፣ ልጄ ልጅ ነው። ለእንግድነት እመጣለሁ በይው» አለችኝ። ለእንግድነት ያለችውን ቃል እንዳለ ጽፌልሃለሁ፤ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። እባክህ አትቀየማት። ቀለሙ አይባክንም፤ ስትመጣ ታድርበታለች።

አሁን የምጽፍልህ እሷው ቤት ተቀምጬ ነው። ዶክተሩ ትናንት ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ባንድ እጃቸው ጋዜጣ መግለጥ አቅቷቸው ከወዲያ ሲነጫነጩ ይሰማኛል። እማዬ ስጽፍ አይታ ለማን ነው አለችኝ፤ ላንተ ነው አልኳት። ስለ አደጋው ነገርሽው ወይ አለች። አዎ፣ ጎረቤታችን ላይ አጥር ወድቆ እንደተጎዱ ጽፌለታለሁ አልኳት።

ሳህን ታደርቅ ነበር፤ አቆመች።

«ጎረቤታችን ብቻ ነው ያልሽው?» አለችኝ።

ታዲያ ምን ልበለው ብዬ ጠየቅኋት። አንገቷ ድረስ ቀላች። «ተይው» አለች፤ «እሱ እኮ ብልህ ልጅ ነው» ብላ ሁለት ሳህን ይዛ ወደ ዶክተሩ በር ሄደች።

እግዜር ጤናህን ይስጥህ፤ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ስትደውል ከጠዋት አድርገው።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ