ስለ ተማሪ ቅርበት ሊማሩ ባሕር ማዶ ስለሄዱት መምህራችን

ለዩኒቨርሲቲያችን የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድመን ለርስዎ፣ ለቤተሰብዎና አገር ላገር ሲዞር ለከረመው ሻንጣዎ ደኅንነትን እንመኛለን። እኛ የድልድይ ንድፍ የሚባል ትምህርት ብቻ ቀርቶን ምረቃ የምንጠብቅ የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ ከመምህር በስተቀር ምንም ሳይጎድልብን አለን።

በአደባባይ መጻፋችን ለወቀሳ እንዳይመስልብን። ዩኒቨርሲቲው መምህራኑን ለሥልጠና ባሕር ማዶ በመላኩ ያገኘነውን በረከት ዘርዝረን ሳናመሰግን ብንቀር ውለታ ቢስ እንዳንባል ሰግተን ነው። በተለይ የድልድይ ንድፍ መምህራችን፣ እኛ በፍቅር «ተሳፋሪው» የምንላቸው፣ ከየሄዱበት ያመጡልን ነገር እንዲህ በቀላሉ ተነግሮ አያልቅም።

1. መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፤ እኛም ከመቀመጫ እንጀምር። ተሳፋሪው ከመጀመሪያ ጉዟቸው ሲመለሱ፣ በሠለጠነው ዓለም ተማሪ በክብ ተቀምጦ ፊት ለፊት እየተያየ እንደሚማር አበሠሩን። የኛ ወንበሮች ደግሞ ሌባ እንዳይደፍራቸው ስድስት ስድስቱ በአንድ ረጅም ብረት ላይ ተበይደው ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰሩ ናቸው። ብሎኑ ተፈታ፤ ብየዳው ግን እምቢ አለ። መላው የምህንድስና ክፍል ተረባርቦ ከቀጥታ ብረት ክብ ለመሥራት ቢታገልም የተገኘው ሦስት ማዕዘን ነው። ብሎኑ የወጣለት ወንበር ደግሞ ዳር ያለው ሰው ከተነሣ የቀሩትን ይዞ ስለሚገለበጥ፣ ዛሬ አንዱ መጸዳጃ ቤት መሄድ ሲፈልግ ረድፉ በሙሉ አብሮት ይነሣል። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ከዚህ በፊት አልነበረንምና ከልብ እናመሰግናለን።

2. ከሁለተኛው ጉዞ ባለ ቀለም ተለጣፊ ወረቀት መጣልን። ሐሳባችንን እየጻፍን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ ነበር። ግድግዳችን ግን ኖራ የተቀባ ነውና ወረቀቱ ኖራውን ይዞ ይወርዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉ አባቶች ለካ ይህን ወረቀት አይተውት ኖሯል። ተሳፋሪው በቀላሉ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው ስላልሆኑ፣ እያንዳንዳችን ወረቀታችንን በሁለት መዳፋችን ግድግዳው ላይ ደግፈን፣ ጀርባችንን ሰጥተናቸው ቆመን ትምህርቱን እንድንከታተል አዘዙ። በመስኮት ያየን የግቢው ጥበቃ ምን ሰርቀን እንደተያዝን በአዘኔታ ጠይቆናል።

3. የአሁኑ ጉዞ ርእስ «መምህሩ ለተማሪው ያለውን ቅርበት ማጠናከር» እንደሆነ ሰምተናል። ቅርበቱ መጠናከር ከጀመረ ወዲህ መልካቸውን አላየንም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው በኛ ደረሰ። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ደጅ ብንጠና፣ «ምን ላድርጋችሁ ልጆቼ፣ ሰውየው እኮ የሄዱት ለናንተው ብለው ነው» አሉን። ለኛ ብለው የሄዱ ሰው ለኛ ብለው ቢመለሱ ምን ይከፋ ነበር ብለን አሰብን።

እጃችንን አጣጥፈን ግን አልተቀመጥንም። ከመካከላችን «ዝምታ» የምንለው ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የወለቀ አሮጌ መጽሐፍ ተውሶ፣ ሳል እንጂ ቃል ከአፉ የማይወጣው የነበረው ይኸው ልጅ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ጠመኔ ይዞ ያስተምረን ጀመር። መጽሐፉ የኋለኞቹ ምዕራፎች ተገንጥለው ስለጠፉ፣ ለጊዜው ድልድይ መሥራት የምንችለው ከዚህኛው ዳር እስከ ወንዙ መሐል ነው። ከማዶ የሚመጣ ሰው በራሱ መላ እንዲፈልግ እንመክራለን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላፍታ ልተው። እኔ ይህን የምጽፈው የክፍሉ ተወካይ፣ አንድ የግንባታ ድርጅት ሊቀጥረኝ ቃል ገብቶልኛል፤ የሚጠብቀኝ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። እናቴ ለምረቃዬ ያሰፋችውን ቀሚስ እየወፈረች ሁለት ጊዜ አስፍታዋለች። ከኔ በኋላ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ታናሽ እህቴ ቀድማኝ ልትመረቅ ስለሆነ ከወዲሁ «አይዞህ፣ ትምህርት አይቸኮልበትም» እያለች ትመክረኛለች። አፍሬያለሁ፤ ከማፈሬም በላይ ተናድጃለሁ።

ቢሆንም መምህራችን ይመለሱልን ብለን አናስቸግርዎትም። ይልቁንስ እኛ ወደርሳቸው እንላክ። ሥልጠናው ስለ ተማሪ ቅርበት ከሆነ፣ መሐሉ ላይ ጥቂት ተማሪ ቢገኝበት አይጠላም። ማረፊያ አንጠይቅም፤ የምንቀመጥበትንም ይዘን እንመጣለን፣ ብሎኑ እንደሆን ተፈትቷል።

በኖራ የነጣ መዳፋችንን ደረታችን ላይ አድርገን፣ ረድፋችን እንዳይገለበጥ ተጠንቅቀን በአንድነት በመነሣት እጅ የምንነሣዎ፣

የአምስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች፣
በተወካያቸው፣ ጓደኞቹ «ችኩሉ» በሚሉት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ልናወጣው ስንል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ተሳፋሪው ያለ መምህር መማራችን ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ይህ የሥልጠናቸው ፍሬ መሆኑን ለዓለም ሊያስረዱ ወደ ሌላ አገር ተጋብዘዋል፤ ፈተናችንም እርሳቸው እስኪመለሱ ተራዝሟል። እኔን የሚቀጥረኝ ድርጅት ግን ሰው ስለቸገረው፣ ትምህርቱን ሳልጨርስም ቢሆን ሥራ እንድጀምር ፈቅዶልኛል። የተሰጠኝ ሥራ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው አዲሱ ድልድይ ነው። እርስዎና መምህራችን ከማንም በላይ የምትመላለሱበት መንገድ ስለሆነ፣ ያልተማርኩት ምዕራፍ የትኛው እንደነበር ከሁሉ ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።