ኮምፒውተሩ ፀጥ ብሏል፤ ደስ ይበልህ

ለወንድሜ ለኤኖ፣

እንደምን ከርመሃል? ሚስትህ ማሪዮን እንዴት ናት? ልጆቹስ? ወገብህ ተሻለህ? ፐርዝ ሙቀቱ በረድ ብሎላችሁ ይሆናል፤ እዚህ ዲትሱም ግን ነፋሱ ከባሕር እየተነሣ የመስኮታችንን መዝጊያ ሲደበድብ ይውላል። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ባሌ ፎኮም ደህና ነው፤ እሱ ምን ይሆናል! እናታችን ቀዶ ጥገናው በሰላም አልፎላት ትናንት ቤት ገብታለች። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ከአንተ ጋር በስልክ ማውራት እንደማይቻል ስላየሁት ጻፍኩልህ። ቁጭ ብለህ አንብበው። ፎኮን ጥሪልኝ ብትለው ወረቀት አይጠራልህም።

በጃንዋሪ ሐኪሙ የእናታችንን ጉሮሮ አይቶ፣ ዕጢው ከነማንቁርቷ ካልወጣ አትድንም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በድምፅ መናገር አይኖርም ሲለን ቀጠሮው ገና ለማርች መጨረሻ ነበር። ያን ዕለት በስልክ ስታለቅስ ሰምቼ እኔም አልቅሻለሁ። ድምጿን ቅጂልኝ አልከኝ። ማዕበሉ ግድቡን ሰብሮ የአያታችን ላም ጣሪያ ላይ ያደረችበትን ታሪክ፣ በእኛው በገጠሩ ቋንቋ፣ እሷው እንደምታወራው ቅጂልኝ አልከኝ። እሺ አልኩህ። በማግስቱ የአባታችንን የካሴት መቅጃ ከቁም ሣጥን አውጥቼ አቧራውን ጠርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እናታችን ሻይዋን አቅርባ፣ ድንጋይ ስኳሯን ጨምራ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል አንተ ደወልክ። «ካሴት? ካሴትማ ይንሿሿል! የእናቴን ድምፅ በዚያ ሁሉ ሹሹታ ውስጥ አልሰማም፤ በኮምፒውተር ይቀዳ። ፎኮን ስጪኝ» አልክ። ሰጠሁህ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ፎኮን ታውቀዋለህ። የላም ማለቢያ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ በእሱ ማንም አይወዳደረውም። ኮምፒውተር ገዝቶ ክዳኑን ከከፈተ ወዲህ ግን ራሱን በራሱ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾሟል። ኮምፒውተራችን ሲሠራ ጣሪያ ውስጥ አይጥ የሚቧጥጥ ይመስላል። ማይክሮፎኑ እናታችንን ትቶ እሱን ይቀዳል። ፎኮ ሃርድ ዲስኩ ነው፣ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ አለኝ። «ታዲያ ሳጥኑን ኮሪደር ላይ አውጣውና በሩን ዝጋው» አልኩት። ገመዱ አይደርስም አለ። «ረጅም ገመድ ግዛ» አልኩት። ሳቀብኝ። «አይ ኦካ! አንቺ አይገባሽም፤ ይሄ ነገር ከምንጩ ነው የሚደርቀው» አለ። አንተም በስልኩ ውስጥ አብረህ ስትስቅ ሰምቼሃለሁ። ሁለት ሊቃውንት! አንድ ሜትር ተኩል ገመድ ያቃታቸው ሊቃውንት!

እንግዲህ የምንጩ ማድረቅ ተጀመረ። ፎኮ የረጅም የውስጥ ሱሪውን ላስቲክ ቆርጦ ሃርድ ዲስኩን ሳጥኑ ውስጥ አንጠልጥሎ እንደ ሕፃን ልጅ ያወዛውዘው ጀመር። ፎቶ አንሥቶ ላከልህ፣ አንተም «ጎበዝ!» ብለህ መለስክለት። እኔ የማጥበው ሱሪ ያለ ላስቲክ ሲቀር ግን ጎበዝ ያለኝ የለም። ጫጫታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። እናታችን በየቀኑ መጥታ ትቀመጥና «ልጀምር?» ትላለች። «ትንሽ ይታገሡ እማማ ጌሼ፤ ሊያልቅ ነው» ይላታል ፎኮ። በሳምንቱ አዲስ ሐሳብ መጣለት። የእናታችንን የሻይ ማንቆርቆሪያ ሹራብ፣ ያንን ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ፣ አነሣና ለሃርድ ዲስኩ አለበሰው። ድምፁን ይውጠዋል አለ። ከሰዓት በኋላ ከሳጥኑ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ጭራሹን ዝም አለ። ፎኮ ብድግ ብሎ «ሰማሽ? ፀጥ አለ እኮ!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ሞቶ ነዋ! ተቀቅሎ ሞቶ ነው ፀጥ ያለው! እናታችን ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። «አንተ ሰው፣ ሻይ እንዳይቀዘቅዝ የሚለብሰውን አልብሰኸው ሊሞቅ እንጂ ሊበርድ ኖሯል?» አለችው። ያን ቀን ድምፅ ነበራት። ማንም አልቀዳውም።

ከዚያ አንተ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ አዘዝክልን። እሰይ አልኩ። በሳምንቱ ደረሰ። መሰኪያው ከእኛ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር አይገጥምም ተባለ። አንተ እዚያ ሆነህ «መለወጫ አለው፣ ቀላል ነው» ትላለህ፤ ፎኮ እዚህ ሁለቴ ኤምደን ከተማ ድረስ ሄዶ አንዴ የተሳሳተ ይዞ ይመለሳል። እናንተ መሰኪያ ስታማርጡ የእናታችን ድምፅ በየቀኑ እየቀጠነ ነበር። ከግድቡ ላይ ቆማ የአባታችንን ጀልባ ስትጠራ ማዶ ያሉት ሰዎች ቀና የሚሉላት ሴትዮ፣ ከሳሎን ወደ ማእድ ቤት ስትጠራኝ መስማት አቃተኝ። ይህን ነገርኩህ እኮ! «አዎ፣ አዎ፣ ስለዚህ ቶሎ እንጨርስ፤ ፎኮ አለ?» አልክ።

በመጨረሻ ገጠመ። እውነቱን ልናገር፣ ኮምፒውተሩ በርቶ እንኳ የጠፋ ይመስላል። ፎኮ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ልጅ እንደወለደ ሰው ፈገግ አለ። እናታችንን ማይክሮፎኑ ፊት አስቀመጣትና ምንም አይናገሩ፣ መጀመሪያ ፀጥታውን ልሞክር አላት። አርባ ሰከንድ ቀዳ። ስክሪኑን አይቶ ቅንድቡን ቋጠረ። የግድግዳውን ሰዓት አቆመና እንደገና ቀዳ። አሁንም ቅንድቡ አልተፈታም። «አንድ ነገር አለ፤ የሆነ ሲር፣ ሲር የሚል ነገር፤ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም» አለኝ። እኔ አወቅኩት። የእናታችን ትንፋሽ ነበር፣ ኤኖ። ጉሮሮዋ ጠቦ አየር ሲገባና ሲወጣ የሚያሰማው ድምፅ። እሷም አወቀችው፤ ትንፋሽዋን ይዛ ፎኮ ስክሪኑን አይቶ እስኪጨርስ ጠበቀችው። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲህ የናቅኩት ቀን የለም።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከሆስፒታል ተደወለ። አልጋ ተገኝቷል፣ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አያስፈልግም፣ ነገ ግቡ አሉን። ለእሷ ጥሩ ዜና ነው፤ ለእኛ ግን የቀረን ያ ቀን ብቻ ሆነ። ፎኮ ማይክሮፎኑን አቀረበላት። እናታችን አየችውና «ኤኖ እዚህ ውስጥ ሆኖ ይሰማኛል?» አለች። የለም፣ በኋላ ነው የሚሰማው አላት። «እንግዲያስ ሲደውል ለራሱ እነግረዋለሁ» አለች። በዚያ ሳምንት በየቀኑ ረፋድ ላይ በሻይ ሰዓት አንተ እንደምትደውል ታውቃለች። ፀጉሯን አበጠረች፣ ጥሩውን ሻርፕ አደረገች፣ ወንበሯን ከስልኩ አጠገብ አስጠጋች።

ደወልክ። እኔ አነሣሁት። እናታችን ነገ ልትገባ ነው፣ እዚሁ አጠገቤ ናት አልኩህ። «ነገ? ታዲያ ምን ታወሪያለሽ? ፎኮን ስጪኝ፣ ቶሎ!» አልክ። እኔም ሰጠሁት። ለአንተ ያለኝን ንቀት ሁሉ ስጽፍ ይህንን መዝለል አልችልም፤ እናቴ እጇን ዘርግታ ሳለ ስልኩን በጭንቅላቷ ላይ አሻግሬ ለፎኮ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ሃያ አምስት ደቂቃ አወራችሁ። ያ ሲር፣ ሲር የሚለው ነገር እንዴት ተደርጎ ከድምጿ እንደሚወጣ አወራችሁ። ሲዘጋ እናታችን «ደህና ነው?» አለች። «ደህና ነው እማማ ጌሼ። ትንፋሹን በኋላ ማጽዳት ይቻላል ብሎኛል» አላት። «ጥሩ» አለች። ተነሥታ ሻንጣዋን ማዘጋጀት ጀመረች። በኋላ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጪ ብዬ ለመንኳት፤ ደክሞኛል አለችኝ።

ከጃንዋሪ እስከዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደደወልክ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከሃያ ያላነሰ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ «እናቴን አገናኚኝ» አላልክም። ድምጿን የፈለግክ ሰው!

አሁን ትንሽ ሰሌዳ ሰጥተዋታል፤ በጠመኔ እየጻፈች ታናግረናለች። ትናንት ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ መጀመሪያ የጻፈችው «ኤኖ ደወለ?» የሚል ነው። ምን ልበላት? ኮቷን አወለቅኩላት።

ስለዚህ ስማኝ። ይህ በደረሰህ በመጀመሪያው እሁድ ረፋድ ላይ ደውል። እናታችን ድምጿ ነው የሄደው፤ ጆሮዋ ደህና ነው። «እናቴን ስጪኝ» በለኝ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እይዝላታለሁ። ፎኮን ስጪኝ ካልክ ግን ጆሮህ ላይ እዘጋብሃለሁ፤ አልቀልድም። የማዕበሉንና የላሟን ታሪክ አንተ ንገራት፣ በገጠሩ ቋንቋ፣ የምታስታውሰውን ያህል። ረስቼዋለሁ ብለህ አትፍራ። በተሳሳትክ ቁጥር እሷ በሰሌዳዋ ላይ ትጽፋለች፣ እኔ አነብልሃለሁ።

ለማሪዮን ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ልጆችህን፣ ቶማንና ታናሽየውን፣ በእኔ ስም ሳምልኝ። ጎረቤታችን ታልከ ሰላም ብላሃለች። ፎኮም ሰላም ብሎሃል፤ አሁን ደግሞ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻልና ኤኖን ጠይቂልኝ ብሎኛል። አልጠየቅኩም። እናታችን ሰሌዳዋ ላይ ስምህን ብቻ ጽፋ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኛለች፤ አልደመሰስኩትም።

እህትህ ኦካ
ዲትሱም፣ ማርች 29 ቀን 2009