ሰባተኛውን ለመስማት ሞተር ማጥፋት

ጥር 14፣ ሐሙስ። ወደብ በር ላይ

ሰልፉ አይነቃነቅም። ከባድ መኪናዬ ጭነት ይጠብቃል፣ እኔ ሲምፎኒ እሰማለሁ። ፍላሹን የሰጠችኝ ሂሩት ናት፤ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር እኛ ሾፌሮች የምንበላበት ምግብ ቤት ያላት። ድሮ ጋቦዴ ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ የሙዚቃ መምህር ቤት ትሠራ ነበር። አገሩ ሲገባ ሙዚቃውን ትቶላት ሄደ። ሁሉም የአንድ ሰው ድርሰት ነው፣ ከሞተ መቶ ዓመት ያለፈው። እኔ ጋ ያለው ሰባተኛው ሲምፎኒ ነው።

ጓደኛዬ ጋሻው ከኋላዬ ካለው መኪና ወርዶ መስኮቴን አንኳኳ። "ሰውዬ፣ ማን ሞቶብህ ነው?" ጥሩምባዎቹ ሲነሱ ግን እሱም ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠጋ።

ጥር 17፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ለሂሩት ወደድኩት አልኳት። የቱን? ጥሩምባውን። ሳቀች። ከዚያ በፊት ያለውስ፣ ቀስ የሚለው? እዚያ ጋ ባዶ ነው አልኳት። ባዶ አይደለም፣ ሞተርህ ነው የበላው አለች።

አፈርኩ። ደስም አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማስታወሻዬ። አውቃለሁ።

ጥር 18፣ ሰኞ። ዲኪል ከተማ ሳልደርስ

ዳር ይዤ ቆምኩ። ሞተር አጠፋሁ፣ ኤሲው አብሮ ጠፋ። ላቤ ይንቆረቆራል። ቫዮሊኖቹ ከሩቅ መጡ፣ በጣም ቀስ ብለው። ደራሲው ጸሎተኛ ነበር ብላኛለች ሂሩት፤ ያስታውቃል። ማኅሌት ላይ ካህናቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲጀምሩ፣ ከበሮ ገና ሳይመታ፣ እንደዚያ ነው።

አለቀስኩ። የሐዘን አይደለም። ባለቤቴን አስናቀችን አሰብኳት፣ ነፍሷን ይማር። ፊቷ አልተቆጣም።

ጥር 29፣ ዓርብ። ከአዲስ አበባ መልስ

የሂሩት የምግብ ቤት ውል በየካቲት አጋማሽ ያልቃል። ዘግታ ድሬዳዋ እህቷ ጋ ልትገባ ነው። ሽሮዬን ወደ ጎን ገፋሁት።

ወሬ ለመቀየር ስለ ሲምፎኒው ደራሲ ጠየቅኳት። ሳያገባ ነው የሞተው። ስንቷን ጠይቆ ሁሉም እምቢ። ራሱ እየሄደ፣ ራሱ እየጻፈ። ምስኪን፤ ሽማግሌ ላክ የሚለው ሰው አጥቶ።

እኔስ ማንን ላክሁ? ግማሹን ትቼ ወጣሁ።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

የንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። አስናቀችን መክዳት እንዳይሆንብኝ አልኳቸው። ተዝካሯን አውጥተሃል፣ ሐዘኗን ጠብቀሃል፤ አሁን የምትፈራው እሷን ነው ወይስ እምቢታን? አሉኝ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቶሎ በል አሉ።

ነገ እሳቸውና ጋሻው ይሄዱልኛል። ጋሻው ቀኑን ሙሉ አላገጠብኝ። "በዚህ ሽበት ሙሽራው አንተ፣ ሽማግሌው እኔ?"

የካቲት 1፣ እሑድ

10 ሰዓት። ሄደዋል። ወንበር አይችለኝም። አርሂባ ሰፈር በሙሉ በመስኮት የሚያየኝ ይመስለኛል።

11 ተኩል። ተመለሱ። አባ ውሃ ጠየቁ፣ ቀስ ብለው ጠጡ። ጋሻው ፊቱን አጨፍግጎ ቆመ፣ ቆመ፣ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። እሺ ብላለች። ልምከርበት እንኳ አላለችም። አከራይዋን አስጠርታ ውሉን ያሳደሰችው ዓርብ ማታውኑ ነው፣ እኔ ሽሮዬን ትቼ እንደወጣሁ። እነዚህ ሽማግሌዎች ምን አዘገያቸው ብላ ስትጠብቅ ነበር አሉ።

ተመስገን። ሰርጉ ለፊታችን እሑድ ተቆርጧል፣ የጾሙ ዋዜማ። የማክሰኞውን ጭነት ለጋሻው ለቀቅኩለት። ሱፌን ላውጣ፤ ሂሩት ራት ላይ እየጠበቀችኝ ነው።