የአራት ሰዓት ተኩል መንገድ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

ከልጆችሽ ጋር እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ ክብር ለእሱ ይሁንና፣ ቆሜ እሄዳለሁ። በስልክ መናገር ያቃተኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፍልሽ።

እማዬ የታመመች ሰሞን ማዳሜን ፓስፖርቴን ስጪኝ፣ ደርሼ ልምጣ ብዬ ለምኛት ነበር። «ኢትዮጵያ ሩቅ ናት፤ ቴታንስ ማን ያነሳታል?» አለችኝ። ቴታ የምንላት የማዳሜ እናት ናት፤ የማጥባትም የማጎርሳትም እኔ ነኝ። ሩቅ ነው ስትለኝ አመንኳት። ወደዚህ ስመጣ አውሮፕላኑ ላይ በፍርሃት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ የመንገዱን ርዝመት የት አውቄ!

ከዚያ ቴታ መታጠቢያ ቤት ወደቀች። ማዳሜ ፓሪስ ለሚኖረው ወንድሟ ጠዋት ደወለች፤ ለእራት ደረሰ። ሾርባ ሳቀርብለት፣ ፓሪስ ሩቅ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አራት ሰዓት ምናምን ነው አለኝ። ጨዋ ሰው ነውና ያንቺስ አገር አለኝ። አላውቅም ስለው ስልኩን አውጥቶ አየ። «አራት ሰዓት ተኩል! ያኒ፣ እኩል ነን ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ማዳሜ አልሳቀችም። «ያላ፣ ወደ ኩሽና» አለችኝ።

እትዬ፣ እሱ ከእናቱ፣ እኔም ከእናቴ እኩል ነበር የራቅነው። እሱ በዕለቱ ደረሰ። እኔ በዚያው ምሽት የእሱን እናት አገላብጬ አስተኛሁ።

እሁድ በቪዲዮ ስደውል «እማዬ ተኝታለች» አልሽኝ። ባለፈውም ተኝታ ነበር። ስልኩን ስታዞሪ ግን ነጠላሽን አየሁት፤ አዘቅዝቀሽዋል፣ ጥለቱ አንገትሽ ላይ ነው። ቶሎ ገለበጥሽው። እኔም ሰላም በይልኝ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ፓስፖርቴን ካልሰጠሽኝ ብዬ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ማዳሜ ጮኸች፤ ያመጣሽ ቢሮ ጋ እደውላለሁ አለች። ደውዪ አልኳት። ቴታ ከውስጥ ስትጣራም እንቢ አልኩ። ወደ ቀትር፣ ፓሪስ የተመለሰው ወንድሟ ደወለ። ምን እንዳላት እንጃ፣ ፓስፖርቴን ጠረጴዛው ላይ ወርውራልኝ ወጣች።

ያኔ ተነስቼ ቴታን አጠብኳት። እሷ ምን በደለችኝ? ስሜን ረስታ «ቢንቲ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። የሰው እናት እጄ ላይ አረጀች። የእኛዋን ማን እንዳጠባት፣ አንቺ ትሁኚ ጎረቤት፣ ስመጣ ትነግሪኛለሽ።

ልቤ እንዳይሰበር ብላችሁ የደበቃችሁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አዝኜብሻለሁ። ማዳሜ ከእናቴ አስቀረችኝ፤ እናንተ ደግሞ ከለቅሶዬ አስቀራችሁኝ።

ሐሙስ እገባለሁ። ሰው አትሰብስቢ፣ ሽማግሌም አትጥሪ። ቦሌ ብቻሽን ነይ። ቤት ሳንገባ መጀመሪያ ሚካኤል ውሰጂኝና ያረፈችበትን ቦታ አሳዪኝ።

እስከዚያው ልጆችሽን በሞገስ ያሳድግልሽ። አንቺንም ያቆይልኝ፤ ሌላ ማን አለኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከጃል ኤል ዲብ፣ ዐረብ አገር