የአባቴ ስለት

ይህ ደብዳቤ ብቸና ለአባቴ እጅ ይግባ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት? እኔ የሞጣ ብርድ ቢያስቸግረኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወንድሜ ምንይሉ እንዴት እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ስላልጠየቁኝ፣ ሳይጠይቁ ልንገርዎት።

በስልክ «ልጁን ላኪው፤ ፈተናው ደርሷል» ብለው ዘጉብኝ። አልልከውም። ለሰው ሁሉ «ማጠናከሪያ ሊማር እህቱ ጋ ሄዷል» እንደሚሉም ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ከሚኒባስ ወርዶ በሬ ላይ ሲቆም፣ «ልሞት ወስኜ ነበር፤ መጀመሪያ አንቺን ልይሽ ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ። እዚያው ሥራዬን ጥዬ ሆስፒታል ወሰድኩት። አሁን ከሐኪም ጋር ያወራል፣ ይተኛል፣ እህልም ይቀምሳል። ብቻውን አልተውኩትም።

ለእርስዎም እኮ ነግሮዎት ነበር። «መኖር አስጠልቶኛል» ቢልዎት «የስንፍና ወሬ ነው» ብለው፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው እግሩን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስነክረው አስጠኑት። እግዜር ይይልዎ።

ከሁሉ የማልረሳልዎት ግን ያንን ስለት ነው። ሰው ስለቱን በሆዱ ይሳላል። እርስዎ አምና በንግሡ ቀን ማይክ ተቀብለው «ልጄ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከአምስት መቶ በላይ ካመጣ ለደብሩ ጃንጥላ አስገባለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ «ጃንጥላችንስ?» ሳይለው የሚያልፍ የብቸና ሰው ጠፋ። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ይጠይቁታል። በመጨረሻ ከቤት መውጣት ፈራ።

እንግዲህ ይስሙኝ። ጃንጥላውን እኔ ገዝቻለሁ። ለዘንድሮው ንግሥ ሁለታችንም ይዘነው እንመጣለን። በማይክ የሚነገረውን ስለት ለሚያስነግሩት ለቄስ ወልደ ኪዳን አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። «አባቴ ለውጤቴ የተሳሉትን፣ እኔ በሕይወት ስለተረፍኩ አስገብቻለሁ» ነው የሚለው። ቃሉን የመረጠው ራሱ ምንይሉ ነው፤ ለእኔ ቢተውልኝ የባሰ አስነግርብዎት ነበር። እርስዎ መቼም ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጣሉ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያይዎት ማየት እፈልጋለሁ። አልዋሽዎትም፣ ደስ ይለኛል።

ምንይሉ ግን እንደኔ አይደለም፤ ቂም አያውቅም። ትናንት ልብሱን እያጠበ ድንገት ቀና አለና «አባባ ያጨበጭቡልኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት።

እስከዚያው ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ ጆሮዎንም ያቆይልኝ።

የምንይሉ እህት